አሥራ ሁለተኛው ወረቀት

ሰኞ 4

ይህ ደብተር የእኔ ነው። የምጽፈውም እኔው ነኝ። ማንም አላገዘኝም።

የማታ ትምህርቱ ባለፈው ሳምንት አለቀ። መምህሯ ስታሰናብተን "በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፉ፤ አለዚያ እጃችሁ ይረሳል" አለችን። ሠላሳ አንድ ነበርን፤ ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጡት የሰባ ዓመት እናት ናቸው። እሳቸው ቀኑን ሙሉ ቤት ስለሚውሉ ያጠናሉ። ስለዚህ ሥራ ካለው ሰው አንደኛው እኔ ነኝ ማለት ነው።

ሥራዬ አውቶቡስ ድርጅት ነው፤ ስቶር። መለዋወጫ ዕቃ ተረክቤ አስቀምጣለሁ፣ ሲጠየቅ አወጣለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ስድሳ አውቶቡስ አለን፤ የስድሳውም አንጀት በእኔ እጅ ነው። ሰው ሁሉ ጋሽ ብሎን ይለኛል። አንድ ጊዜ ዓይኔን በጨርቅ አስረው የጠየቁኝን ሁሉ አንድ በአንድ አውጥቻለሁ። እስካሁን ይወራል።

የማታ ትምህርት እንደምማር በሥራ ቦታ ማንም አያውቅም። ስቀጠር ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ ብዬ ነው። ፎርሙን ሌላ ሰው ሞላልኝ፤ መነጽሬን ረስቼ ነበር። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

የምታውቀው ባለቤቴ ብቻ ናት። "አሁን እኮ ቻልክ፤ ንገራቸውና ይውጣልህ" ትለኛለች። ምን ብዬ ልንገራቸው? በሐሰት ማስረጃ የተቀጠረ ይሰናበታል የሚል ደንብ ኮሪደሩ ላይ ተለጥፏል። ሃያ ሁለት ዓመት በአጠገቡ ሳልፍ ኖሬ ባለፈው ወር ራሴ አነበብኩት። በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያው ረጅም ነገር እሱ ሆነ። ዕድል!

ማክሰኞ 5

ኢንጂነር መጣች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። የስምሪት፣ የጋራዥና የቲኬት ክፍል እያንዳንዳቸው የራሳቸው መዝገብ አላቸው፤ መዝገቦቹ ግን አይተዋወቁም። እሷ የድርጅቱን ሥራ በሙሉ በአንድ ንድፍ አድርጋ ወደ ኮምፒውተር ልታስገባው ነው።

ሥራ አስኪያጁ ሰብስቦን "ባለድርሻ አካላት በሙሉ ይሳተፋሉ" አለ። ዋናው መካኒክ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ባለድርሻ ማነው ደግሞ?" አለኝ። "ኋላ ሥራው ሲበላሽ የሚጮኽበት ሰው ሁሉ" አልኩት። ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ኢንጂነሯ ሁሉን የሚያውቅ፣ ከሁሉም ጋር የሚያገናኛት ሰው ፈለገች። ስብሰባው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ምን ላድርግ፤ ታዋቂ መሆን ጣጣ ነው።

ሐሙስ 7

ሁለት ቀን ሙሉ ዞርን። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ እጽፋለሁ። አዎ፣ እኔ! "ጋሼ፣ ቀስ ብለው ነው የሚጽፉት፤ ጠንቃቃ ነዎት" አለችኝ። "ወረቀት ክብር ይፈልጋል" አልኳት። በፊቷ እርስዎ እላታለሁ፤ እዚህ ግን ደብተሩ የራሴ ስለሆነ እሷ ብያታለሁ።

ጥያቄዋ ለሁሉም አንድ ነው። "በሥራዎ የሚያስጨንቅዎ ምንድን ነው?"

አጣቢዋ "አውቶቡስ መግባቱን የሚነግረኝ የለም። ጭቃው ሳይደርቅ ካገኘሁት ሃያ ደቂቃ ነው። ከደረቀ ክንዴ እስኪገነጠል እፈትጋለሁ" አለች።

የስምሪት ኃላፊው፣ ሻምበል የምንለው (ውትድርና አያውቅም፤ ሲያወራ ስለሚጮኽ ነው)፣ "ነገ የትኞቹ እንደሚወጡ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልወቅ! ሌላ ምንም አልፈልግም!" አለ። ሁለት ክፍል ማዶ ተሰማ።

ዋናው መካኒክ "ዕቃው አለ ወይስ የለም? በቃ።"

ቲኬት ሻጯ "አሥራ አራት ቁጥር ስንት ወንበር ነው ያላት? እኔ አርባ ዘጠኝ እሸጣለሁ፤ ሁለት ሰው ሁልጊዜ ቆሞ ይሄዳል፣ ሲወርድ እኔን ይረግማል።"

ሻምበል መዝገብ ላይ ሃምሳ አንድ ይላል። መካኒኩ ደግሞ አርባ ሰባት ነው አለ፤ ሁለቱን የነቀለው እሱ ራሱ ነው፤ ለማንም አልተናገረም። አንዲት አውቶቡስ፣ ሦስት ቁጥር! እኔ አፈርኩላቸው። ኢንጂነሯ ግን ፊቷ በራ። ሰው ሲጣረስ እንዲህ ደስ የሚለው ፍጡር አይቼ አላውቅም።

ሰኞ 11

ቅዳሜና እሑድ ቁጭ ብዬ የሰበሰብኩትን ሁሉ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አሳምሬ ገለበጥኩት። የሚያጣላውን አስቀረሁት። መጨረሻ ላይ "ሁሉም ተስማምተዋል" ብዬ ጻፍኩ። አራት ሰዓት ፈጀብኝ። ጽሑፉ እንደ ማተሚያ ቤት ነው።

አነበበችው። "ጋሼ፣ የወንበሩ ጉዳይ የት ሄደ?"

"አስታረቅኳቸው።"

"እንዴት አድርገው?"

"አርባ ዘጠኝ ይሁን አልን። መካከለኛ ነው።"

ግንባሯን በእጇ ያዘች። "ወንበር በሽምግልና አይቆጠርም እኮ። ሰዎቹ ካልተጣረሱ ገና አልጠየቅናቸውም ማለት ነው።" ከዚያ በወረቀት ጀርባ ላይ ቤት ሳለችልኝ። "ይህን ቤት ስንሠራ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሽቦው ብቻ ያለበት ንድፍ እንሰጠዋለን። ለቧንቧ ሠራተኛው ቧንቧው ብቻ። ለባለቤቱ ደግሞ መኝታ ቤቱና ሳሎኑ። ሁሉን በአንድ ወረቀት ብናጭቀው ማንም አያነበውም። ቤቱ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ወረቀቶቹን መልሰን እርስ በርስ እናስተያያለን፤ የባለቤቱ ንድፍ በር ባሳየበት ቦታ የሽቦው ንድፍ ሽቦ ወይም የቧንቧው ንድፍ ቧንቧ ካሳየ አንዱ ዋሽቷል።"

"አንዱ ተሳስቷል" አልኳት።

"ወይም ተሳስቷል" አለች።

ረቡዕ 13

አሥራ አንድ ወረቀት ደረሰ። ለሾፌር አንድ፣ ለአጣቢ አንድ፣ ለመካኒክ፣ ለስምሪት፣ ለቲኬት... በእያንዳንዱ ላይ የዚያ ሰው ጭንቀትና ለጭንቀቱ የሚያስፈልገው ነገር ብቻ አለ። አሁን ገባኝ። ሾፌር አውቶቡሱን ከፊት ያየዋል፣ መካኒክ ከሆዱ ሥር፣ ቲኬት ሻጭ በወንበሩ፣ አጣቢ በጭቃው። ይህን ስነግራት "ከመጽሐፍ አይተው ነው?" አለችኝ። ከመጽሐፍ! ለባለቤቴ ሦስት ጊዜ ነገርኳት። በሦስተኛው "ሰማሁ" አለች።

ከሰዓት በኋላ ስቶር መጣች። "የእርስዎስ ወረቀት?"

"የኔማ ቀላል ነው። ዕቃው ካርድ አለው፣ ካርዱ ላይ የመደርደሪያው ቁጥር አለ። ካርዱን አይቶ ማውጣት ነው።"

"ካርዱና መደርደሪያው ይስማማሉ?"

"እንደ እጅና ጓንት።"

መደርደሪያዎቹን ዞር ዞር ብላ አየች። "ቀለሙ ምንድን ነው? ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ... ነጠብጣቦቹስ?"

"ለውበት ነው" አልኳት።

ጻፈችው። ለውበት።

ለዚህ ደብተር እውነቱን ልንገረው፤ እሱ አያወራም። ቀይ ፍሬን ነው። ቢጫ ኤሌክትሪክ፣ ሰማያዊ የውሃና የራዲያተር፣ ነጭ የሞተር። አንድ ነጥብ ለአሮጌዎቹ አውቶቡሶች፣ ሁለት ለመካከለኞቹ፣ ሦስት ለአዲሶቹ። አብረው የሚጠየቁ ዕቃዎች ጎን ለጎን ናቸው፤ የፍሬን ሸራ የጠየቀ ስፕሪንጉንም ሊጠይቅ ነውና ሁለቱ ጎረቤት ናቸው። በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር፣ ካርዱ ምን እንደሚል ስላላወቅኩ፣ የሠራሁት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ዕቃ ፈልጌ አጥቼ አላውቅም። አንድም!

ዓርብ 15

ዓርብ የካርድ ቀን ነው። የጋራዡ ጸሐፊ እትዬ ማኅተም (ማኅተሙን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስለምትዞር ነው) ከሰዓት በኋላ ስቶር ትመጣለች። እኔ የሳምንቱን ወጪና ገቢ ከአእምሮዬ እዘረግፋለሁ፣ እሷ ካርዱ ላይ ትሞላለች። ሃያ ሁለት ዓመት። "ዓይኔ ነው እትዬ፣ መነጽሬ ጠፋ" እላታለሁ። "ይገኛል" ትላለች። ሁልጊዜ ይገኛል ትላለች። የዋህ ናት።

ዛሬ "አሥራ ሰባት ወር ቀረኝ" አለችኝ፤ ለጡረታ። "ከዚያ ማን ይጽፍልሃል?"

"መነጽር እገዛለሁ" አልኳት።

ሰኞ 18

አሥራ አንዱ ወረቀት ስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ከወረቀት ወረቀት ክር ተዘረጋ፤ ክሩ የሚያሳየው የአንዱ ነገር የሌላው መሆኑን ነው። የሁሉም ክር መጨረሻው ስቶር ነው። "ዕቃ አለ/የለም" የምትል አንዲት ሳጥን። መካኒኩ ከሷ ነው የሚነሳው፣ ሻምበል ከመካኒኩ፣ ቲኬት ሻጯ ከሻምበል። መሐል ቁጭ ብያለሁ፤ እንደ ሙሽራ።

የሳጥኗ መሠረት ግን ካርዱ ነው።

ሥራ አስኪያጁ በሚመጣው ሰኞ ይሞከር አለ። ለአንድ ቀን ሁሉም በወረቀቱ መሠረት ይሠራል። ስቶር መስኮት ላይ ቲኬት ሻጯ ትቆማለች፣ ካርዱን እያየች ታወጣለች። እኔ እቤት እውላለሁ። "ሥርዓቱ ያለ ሰውየው መሥራቱን ማየት አለብን" አለ።

ስንወጣ ሻምበል ሊያንሾካሽክ ሞከረ፤ አይችልበትም፤ ሰማሁት። "ከሠራ ጋሽ ብሎንን ምን ያደርጉታል?"

ማክሰኞ 19

ምንም አልሆንም። ስንቱን አሳልፌያለሁ።

ረቡዕ 20

ባለቤቴ ለምን አትበላም አለችኝ። በላሁ።

ዓርብ 22

እትዬ ማኅተም ከሄደች በኋላ በሩን ቆልፌ ካርዶቹን አነበብኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ። ሦስት መቶ አርባ ካርድ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። የማውቃቸውን ዕቃዎች ስማቸውን አገኘሁት፤ የቆዩ ጎረቤቶችን ስም መስማት ነው። ከዚያ የመደርደሪያውን ቁጥር ማየት ጀመርኩ። የመካከለኞቹ የፍሬን ሸራ "መ 4" ይላል። መ 4 ላይ ያለው የአሮጌዎቹ ፊልትሮ ነው። ሌላውም ሌላውም እንዲሁ። ካርዶቹ የሚናገሩት ከእኔ በፊት የነበረው ሰው የደረደረውን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በየዓርቡ ብዛቱን እያስሞላሁ ቦታውን አንድ ቀን አልነካሁትም።

ብዛቱ ግን ልክ ነው። አንድ ቺንጊያ እንኳ አይጎድልም። ይህንንም ልጻፍ።

እሑድ 24

መፍትሔ አግኝቻለሁ። እንደኔ ያለ ሰው አይጨነቅም።

ጠዋት ዘበኛውን "የረሳሁት አለ" ብዬ ገባሁ። ዕቃውን በሙሉ ካርዱ ወደሚለው ቦታ ልመልሰው ነው። ማን ያውቃል? ቲኬት ሻጯ ካርዱን ታያለች፣ ቦታው ትሄዳለች፣ ታገኘዋለች፤ አለቀ።

አሥራ ስምንት መደርደሪያ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሁለቱን ጨረስኩ። ወገቤ እምቢ አለ። ዘበኛው "ጋሽ ብሎን፣ የረሱት ነገር ትልቅ ነው መሰለኝ" አለኝ።

የቆምኩት የፍሬን መደርደሪያ ላይ ነው። ግማሹ ሄዷል፣ ግማሹ አለ። ምንም አይደለም። ነገ የሚበላሽ ፍሬን የለም።

ሰኞ 25

ቤት ዋልኩ። የወጥ ቤቱን በር ማጠፊያ አጠበቅኩ። ከዚያ የጓዳውን። ከዚያ የጎረቤት።

ስልክ አልተደወለም። ደህና ሄዷል ማለት ነው።

ማክሰኞ 26

አልሄደም።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አሥራ አራት ቁጥር ፍሬን ጠየቀች። ቲኬት ሻጯ ካርዱን አይታ መ 4 ሄደች፤ ከትናንት በስቲያ እኔ ያዛወርኩትን የፍሬን ሸራ አገኘች። ግን አዛውሬ ያልጨረስኩት ነው፤ የአሮጌዎቹና የመካከለኞቹ አንድ ላይ ተደባልቀዋል፤ ነጥቡ ያለው መደርደሪያው ላይ እንጂ ካርቶኑ ላይ አይደለም። የአንዱን ለመካኒኩ ሰጠችው። መካኒኩ ሲገጥመው ልክ አልመጣም፤ መለሰው። ሌላ ሰጠችው። መለሰው። በዚህ መሐል ሌሎቹ ዕቃ ጠያቂዎች መስኮቱ ላይ ተሰለፉ። ካርዱ በሚለው ቦታ የተገኘ ዕቃ ከአሥር አንድ ነው። ዘጠኝ አውቶቡስ ሳይወጣ ቀረ። ሻምበል ድምፁ ተዘጋ፤ በምልክት ነው የሚያወራው። ተሳፋሪው እስከ ስድስት ሰዓት ዝናብ ላይ ቆመ።

እኔ ስገባ መካኒኩ "አንተ ሰውዬ፣ ሁለተኛ ዕረፍት እንዳትወጣ! እግርህን እናስረዋለን!" አለኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈ። "ይህን ሁሉ የሐሰት ካርድ የሞላው ማነው?"

የእጅ ጽሑፉ የእትዬ ማኅተም ነው። ሦስት መቶ አርባውም።

ቀና ብላ አላየችኝም። "እኔ ነኝ የጻፍኩት" አለች። በቃ፤ ይህንኑ ብቻ።

ከሥራ ታገደች። ሰኞ ይወሰናል።

ረቡዕ 27

የጋራዡ ጸሐፊ ወንበር ባዶ ነው። ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፏል። ቀልድ አላወራሁም። ሁለት ሰው አሞህ ነው ወይ አለኝ።

ሐሙስ 28

እትዬ ማኅተም ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍታ "ግባ ወንድምዬ፣ ዝናብ አይምታህ" አለችኝ።

ነገሩን አሳምሬ ልጀምር ብዬ ነበር። "እትዬ፣ ያው እንደምታውቂው የኔ መነጽር..."

"አንተ!" አለችኝ፤ "ሃያ ሁለት ዓመት የጠፋ መነጽር የት አገር ነው ያለው? ፎርሙን የሞላሁልህ እኔ አይደለሁም? 'ስምንተኛ በይው' ስትለኝ ብዕሩን በምን ዓይን እንዳየኸው ረሳኸው?"

ረስቼዋለሁ። የሞላችልኝ እሷ መሆኗን ጨርሶ ረስቼዋለሁ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ያኔ ልጆችህ ትንንሽ ነበሩ። በኋላ ደግሞ ሥራህን አየሁት። ማንም እንዳንተ ዕቃ አያወጣም።"

"አሁንስ? ማክሰኞ ለምን ዝም አልሽ?"

"እንዲናገር የምፈልገው ሰው እዚያው ቆሞ ነበር" አለች።

ስትሸኘኝ ጃንጥላ ሰጠችኝ። አልያዝኩትም። ረጥቤ ገባሁ።

ዓርብ 29

አሥራ አንድ ሰው ጠይቄያለሁ። ጭንቀታችሁ ምንድን ነው ብዬ፤ እየተቀመጥኩ፣ እየጻፍኩ። የሻምበልን ጩኸት ሳይቀር ጽፌያለሁ። የአሥራ ሁለተኛውን ሰው ወረቀት ግን ራሴ ነኝ ያጠፋሁት። ሽቦና ቧንቧ የሚጋጭበት በር እኔ ነኝ።

ባለቤቴን "ብባረርስ?" አልኳት።

"የጎረቤቱ በር እስካሁን አልላላም" አለች። "ብሎን የሚያጠብቅ ሰው ሥራ አያጣም።"

ስድስት ወረቀት ቀደድኩ። ሰባተኛውን ጨረስኩት።

ሰኞ 2

ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ነበር። እትዬ ማኅተም በር አጠገብ ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ልትሄድ እንደተነሳ ሰው።

ሥራ አስኪያጁ ሳይጀምር ተነሳሁ። "አንድ ወረቀት ቀርቷል" አልኩ።

መካኒኩ "ጀመረ!" አለ፤ ቀልድ ሊመጣ ነው ብሎ ወንበሩን አመቻቸ።

አነበብኩት። እኔ ስናገር ፈጣን ነኝ፤ ሳነብ ግን እንደ ጭነት መኪና ዳገት ላይ ነኝ። ሁሉም ሰማው። እያንዳንዱ ቃል ላይ ማርሽ ስቀይር ሰሙኝ። ያነበብኩት ይህ ነው፦

"የስቶር ሠራተኛ ወረቀት። ጭንቀቴ፣ ማንበብ አለመቻሌ እንዳይታወቅ ነበር። ስለዚህ ዕቃውን በቀለምና በነጥብ ደረደርኩት። ካርዱ የሚናገረው የድሮውን ቦታ ነው። ብዛቱን እኔ ተናገርኩ፣ እትዬ ጸሐፊ ጻፈች፤ ብዛቱ ልክ ነው። ቦታውን አላሳየኋትም። ቀለሙ ለውበት ነው ያልኩት ውሸት ነው። ስምንተኛ ክፍል ያልኩትም ውሸት ነው። በሙከራው ዋዜማ ሁለት መደርደሪያ አዛውሬያለሁ፤ የፍሬኑን ያደባለቅኩት እኔ ነኝ። ማንበብ የቻልኩት ዘንድሮ ነው።"

ተቀመጥኩ። 

 ከዚያ መካኒኩ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ "እና... ቀይዋ ፍሬን ናት?" አለ።

"ፍሬን ናት።"

"አሥራ አምስት ዓመት እኮ ቀይ ስለምትወድ መስሎኝ!"

የሳቀ የለም፤ እኔ ብቻ ትንሽ።

ኢንጂነሯ ተናደደች። "አሥራ አንድ ሰው እውነቱን እንዲነግረኝ አብረውኝ ሲለፉ ከረሙ፤ እርስዎ ግን..." ብላ አቆመች። ግድግዳውን ዞር ብላ አየችው። ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ "ጥፋቱ የእኔም ነው" አለች። "የሚያዞረኝን ሰው አብሮኝ ጠያቂ አደረግኩት እንጂ እሱን በደንብ አልጠየቅኩትም። ቀለሙን በዓይኔ አይቼ አልፌዋለሁ።"

ሥራ አስኪያጁ የእትዬ ማኅተም እገዳ መነሳቱን እዚያው ተናገረ። "የእርስዎን ጉዳይ አስተዳደር ያየዋል" አለኝ። እርስዎ ብሎኝ አያውቅም። ደግ ምልክት አልመሰለኝም።

እትዬ ማኅተም ስትወጣ በአጠገቤ አለፈች። "ዝርግ አድርገህ አነበብክ" አለች። "አራት ነጥብ ላይ ቆም በል፤ ለመተንፈስ ነው የተሠራው።"

ሐሙስ 5

ደብዳቤ መጣ። እንድፈርም ብዕር ሲሰጡኝ "ልየው መጀመሪያ" አልኩ። ቆመው ጠበቁኝ። ሁለት ገጽ ነው። አልቸኮልኩም።

አልተባረርኩም። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የማታ ትምህርቱ ማስረጃ ከፋይሌ ጋር ይያያዛል። ከሥር ሌላ አንቀጽ አለ፦ የስቶሩን አደራደር በጽሑፍና በንድፍ አስረክቤ ሌላ ሰው ሊሠራበት እንዲችል እንዳደርግ። ሙከራው ሰኞ 16 ይደገማል፤ ያለ እኔ።

ፈረምኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ስንት ነገር ፈርሜያለሁ! ምን እንደሆነ አውቄ የፈረምኩት ይህን ብቻ ነው።

ረቡዕ 11

ሥራ በዝቷል። ሁለቱን መደርደሪያ መለስኩ። እትዬ ማኅተምና እኔ የካርዱን ቦታ በሙሉ እየቀየርን ነው፤ አሁን ግማሹን እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ትዘረግፋለች። "ፍጠን እንጂ፣ ጡረታዬ ደረሰ" ትለኛለች። ካርቶኖቹም ላይ ነጥብ አደረግን።

ወረቀቴ ከአሥራ አንዱ ጋር ተለጠፈ። መሐል ላይ። ኢንጂነሯ ቀለሙን በቀለም ሠርታዋለች፤ ከሁሉም የሚያምረው የኔ ነው፤ ይህን የምለው የኔ ስለሆነ አይደለም። ለሌላው ወረቀት አንድ ሰው ቆሞ ማስረዳት ነበረበት። የኔን አጣቢዋ ብቻዋን ቆማ አየችውና "ገባኝ" ብላ ሄደች።

ዓርብ 13

ኢንጂነሯ "ጋሼ፣ የት ላይ ነው የሚጠራጠሩት?" አለችኝ። ኩሽኔታዎቹ ላይ አልኳት፤ በአእምሮዬ ያሉ ሦስት ነገሮች አልተጻፉም ነበር። ልደብቃቸው እችል ነበር። አንድ ሰው ሰኞ ዕለት ኩሽኔታ አጥቶ "ጋሽ ብሎንን ጥሩ!" ሊል ይችል ነበር።

ጻፍኳቸው።

ሰኞ 16

ቤት አልዋልኩም። የጎረቤቶቹ በሮች ሁሉ ጠብቀዋል። ከድርጅቱ በር ፊት ለፊት፣ መንገድ ማዶ፣ የአውቶቡስ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቢፈልጉኝ ቅርብ ልሁን ብዬ ነው።

ሁለት ሰዓት ላይ የመጀመሪያዎቹ ወጡ። አሥራ አራት ቁጥር ሦስተኛ ነበረች። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋልኝ። ሦስት ሰዓት ሆነ። በሩ ላይ የሚሮጥ ሰው ባየሁ ቁጥር ከወንበሬ ግማሽ እነሳለሁ። አንዱ ሻምበል ነበር፤ "ጋሽ ብሎን! ሁሉም ደህና ነው!" ብሎ ከማዶ ጮኸብኝ። ማን ጠየቀው?

አምስት ሰዓት። ሰባት። አንድ ሴትዮ አጠገቤ ተቀምጣ "የእርስዎ አውቶቡስ አልመጣም እንዴ? አምስት አለፈዎት እኮ" አለችኝ። "እኔ ተሳፋሪ አይደለሁም" አልኳት። "ታዲያ ምንድን ነዎት?" አለችኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቲኬት ሻጯ ወጣች። የስቶሩን ቁልፍ ሰጠችኝ። መቶ አራት ዕቃ አውጥታለች፤ አንድም አልተመለሰም። "ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር አለ" አለች። "አንድ ጊዜ ላስጠራዎት ብዬ ነበር፤ ከዚያ ታች ላይ ተጽፎ አየሁት።" የኩሽኔታው ነው።

ስድሳ አውቶቡስ ወጣ፣ ስድሳው ገባ። ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ጋሽ ብሎን የት ነው አላለም። እንዲህ አድርጎ የጻፈ ሰው ካለ ያምጡልኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ "ሠራ?" አለችኝ።

"ሠራ።"

"ደስ አለህ?"

"አዎ" አልኳት።

ልብሴን ቀየርኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ይህን ደብተር አወጣሁ። እስከዚህ ድረስ ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። አሁን ደግማ ጠየቀችኝ።

"አዎ" አልኳት።

ሁለተኛው አዎ ይሻላል፤ እውነት አለበት።